የቆዩ የመዳብ ሳንቲሞችን በቤት ውስጥ በደኅንነት ስለማስቀመጥ የቀረበ ማብራሪያ

በበርካታ ቤተሰቦች ዘንድ ከአያትና ከቅድመ አያት የተላለፉ፣ በጣሳ፣ በቆዳ ኮረጆ ወይም በሣጥን ግርጌ ተጠራቅመው የሚገኙ የቆዩ የመዳብ ሳንቲሞች አሉ። በአንዳንዱ ቤት ጥቂት ደርዘን፣ በሌላው ቤት ደግሞ በኪሎ ግራም የሚመዘኑ ይሆናሉ። ባለቤቶቻቸው ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ዋጋቸው ነው። ከዋጋው የሚቀድመው ጥያቄ ግን ሳንቲሞቹ ለሚቀጥለው ትውልድ በምን ሁኔታ ይደርሳሉ የሚለው ነው። መዳብ ለዘመናት የሚቆይ ማዕድን ቢሆንም እርጥበትና ጨው ባሉበት ቦታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። በመልካም ሐሳብ ተፈትጎ የጸዳ ሳንቲም ደግሞ የሚጎዳው በአንድ ቀን ነው፤ ጉዳቱንም መመለስ አይቻልም።

የዚህ ማብራሪያ ዓላማ ዜጎች ብዛት ያላቸውን የቆዩ የመዳብ ሳንቲሞች በቤታቸው ያለ ከፍተኛ ወጪ እንዴት መጠበቅ እንደሚችሉ፣ ከምን መቆጠብ እንደሚገባቸው እና መቼ ወደሚመለከተው አካል መሄድ እንዳለባቸው ማስረዳት ነው። የምክሩ ፍሬ ነገር በአጭሩ፦ አያጽዱ፣ ያድርቁ፣ ይለዩ፣ ይመዝግቡ የሚል ነው።

1. ማብራሪያው የሚመለከታቸው ሳንቲሞች

በአገራችን በግለሰቦች እጅ የሚገኙ የመዳብና የመዳብ ቅይጥ ሳንቲሞች በአብዛኛው ከሚከተሉት ዘመናት የመጡ ናቸው።

ሀ) የአክሱም ዘመን ሳንቲሞች። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አሳትመዋል። የመዳቦቹ መጠን አነስተኛ ሲሆን ጽሑፋቸው በግሪክ ወይም በግእዝ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መሃል ስስ የወርቅ ቅብ ይገኛል። ይህ ቅብ በመዳብ ዝገት ሥር ተሸፍኖ በዓይን ላይታይ ይችላል።

ለ) የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሳንቲሞች። በዚህ ዘመን ከብር ገንዘቦች ጎን ለጎን የብር አንድ መቶኛና የብር አንድ ሠላሳ ሁለተኛ የሆኑ የመዳብ ገንዘቦች ወጥተዋል። በላያቸው ላይ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ፲፰፻፹፱ ሲሆን ይህም 1889 ማለት ነው።

ሐ) የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሳንቲሞች። በ1923 ዓ.ም. (፲፱፻፳፫) የ1 እና የ5 መቶኛ የመዳብ ገንዘቦች ወጡ። በቀጣይም 1936 (፲፱፻፴፮) የሚል ዓመት ያለባቸው የ1፣ የ5፣ የ10 እና የ25 ሳንቲም ገንዘቦች ታትመዋል። እነዚህ የኋለኞቹ ለብዙ ዓመታት ሲታተሙ የቆዩት በላያቸው ያለው ዓመት ሳይለወጥ ስለሆነ 1936 የሚለው ቁጥር እያንዳንዱ ሳንቲም የታተመበትን ዓመት አያመለክትም። በየቤቱ በብዛት ተጠራቅመው የሚገኙትም እነዚሁ ናቸው።

መ) ከ1969 ዓ.ም. (፲፱፻፷፱) ወዲህ የወጡ ሳንቲሞች። ከእነዚህ ውስጥ የ5 እና የ10 ሳንቲሞቹ ከዚንክ ጋር ከተቀላቀለ መዳብ የተሠሩ ናቸው። ባለ 1 ሳንቲሙ ግን አሉሚኒየም በመሆኑ ከመዳብ ጋር አብሮ መቀመጥ የለበትም።

2. መዳብን የሚጎዳው ምንድን ነው?

መዳብ ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ቡናማ፣ ከዚያም ጠቆር ያለ ወይም አረንጓዴ ሽፋን ያበጃል። ይህ ሽፋን ጠንካራና ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ጉዳት ሳይሆን መከላከያ ነው። ከሥሩ ያለውን ማዕድን ከአየርና ከእርጥበት ይጋርደዋል፤ ለዕድሜውም ምስክር ይሆናል።

አደጋ የሚፈጠረው ጨው ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። ጨው ከእጅ ላብ፣ ከአፈር፣ ከማድቤት አየር ወይም ሳንቲሙ ከታጠበበት ውሃ ሊመጣ ይችላል። በጨው ውስጥ የሚገኘው ክሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር መዳቡ ላይ ተጣብቆ ይቆያል። አየሩ እርጥብ ሲሆን አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ተጨማሪ መዳብ ይበላል፤ ከዚያም ክሎራይዱ እንደገና ለሌላ ጥቃት ዝግጁ ይሆናል። ሂደቱ እርጥበት እስካለ ድረስ በራሱ አይቆምም። የሙያው ባለቤቶች ይህን የነሐስ በሽታ ብለው ይጠሩታል።

ጤናማውን ሽፋን ከዚህ በሽታ ለመለየት የሚከተሉትን ምልክቶች ያስተውሉ።

• ጤናማው ሽፋን በሳንቲሙ ላይ የጠነከረ ነው፤ በጣት ቢነካ አይረግፍም፤ ጽሑፉና ምስሉ በላዩ ላይ ይታያሉ።
• በሽታው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በነጠብጣብ መልክ ይታያል፤ በቀላሉ ይረግፋል፤ ከሥሩም የተቦረቦረ ጉድጓድ ይተዋል።

በጥርጣሬ ላይ ከሆኑ ሳንቲሙን ለብቻው በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ በማድረግ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። በወረቀቱ ላይ አዲስ አረንጓዴ ዱቄት ከረገፈ በሽታው በሥራ ላይ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሳንቲም ወዲያውኑ ከሌሎቹ ተለይቶ በደረቅ ዕቃ ውስጥ መቀመጥና በባለሙያ መታየት ይኖርበታል።

3. ማጽዳት ለምን አይመከርም?

በልማድ የመዳብ ዕቃ የሚወለወለው በሎሚ፣ በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በኮምጣጤ ነው። ለድስትና ለብረት ምጣድ የሚሠራው ዘዴ ለቆየ ሳንቲም አይሠራም። ምክንያቱም፦

• ሎሚና ኮምጣጤ አሲድ ናቸው፤ መከላከያ ሽፋኑን ያሟሙና አዲሱን ማዕድን ለአየር ያጋልጣሉ። ለጊዜው የሚያብረቀርቀው ሳንቲም ከወራት በኋላ ከበፊቱ ይልቅ ተበላሽቶ ይገኛል።
• አመድ፣ አሸዋና የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጽሑፉንና ምስሉን ይፍቃሉ። የግእዝ ቁጥሩ ከጠፋ የሳንቲሙን ዘመን ማረጋገጥ አስቸጋሪ ይሆናል።
• በረኪና እና ጨው የነሐስ በሽታ መነሻ የሆነውን ክሎራይድ በቀጥታ ይጨምራሉ።
• በአክሱም ሳንቲሞች ላይ የሚገኘው የወርቅ ቅብ እጅግ ስስ በመሆኑ አንድ ጊዜ በመፈተግ ብቻ ሊጠፋ ይችላል።

የማጽዳት ጉዳት ምን ያህል ታሪክን እንደሚያጠፋ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እነሆ። 1936 የሚል ዓመት ያለበት የመጀመሪያው ባለ 25 ሳንቲም ዙሪያው ክብ ነበር። በመጠን ከባለ 50 ሳንቲሙ የብር ገንዘብ ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንዶች በብር ቀለም እየነከሩ በ50 ሳንቲም ሒሳብ ይገበያዩበት ጀመር። በዚህም የተነሣ ገንዘቡ ከገበያ ተሰብስቦ ዙሪያው ሞገድ መሰል በሆነ ሌላ ባለ 25 ሳንቲም ተተካ። ዛሬ በአንድ ክብ ባለ 25 ሳንቲም ላይ የብር ቅብ ቅሪት ቢገኝ ያ ቅሪት ቆሻሻ ሳይሆን የዚያ ማታለል ማስረጃ ነው። ፈትጎ ያጸዳው ሰው ሳንቲሙን ሳይሆን ታሪኩን አጥቦታል።

የሚፈቀደው ጽዳት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከላይ ያረፈውን ደረቅ አቧራ በለስላሳና በደረቅ ብሩሽ ሳይጫኑ ማራገፍ ነው። ቅባት፣ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት መቀባትም አይመከርም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ጊዜው ሲያልፍም ራሱ ይበላሻል።

4. የአቀማመጥ ሥራ በቅደም ተከተል

አንደኛ፦ ጊዜውን ይምረጡ። ሥራው በበጋ፣ አየሩ በደረቀበት ቀን ቢከናወን የተሻለ ነው። በክረምት ዝናብ ላይ የተከፈተና ተመልሶ የተዘጋ ዕቃ የሐምሌን እርጥበት ይዞ ይከርማል።

ሁለተኛ፦ እጅዎን ይታጠቡና ያድርቁ። ከተቻለ ንጹሕ የጥጥ ጓንት ያድርጉ። ሳንቲሙን በሚይዙበት ጊዜ በጠርዙ ይያዙ፤ የፊትና የጀርባ ገጹን በጣት አይንኩ።

ሦስተኛ፦ ያድርቁ። ሳንቲሞቹን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም በነጭ ወረቀት ላይ እርስ በርስ ሳይደራረቡ በጥላ ሥር ለጥቂት ቀናት ዘርግተው ያቆዩ። ያልደረቀ ሳንቲም ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ ውስጥ ቢገባ እርጥበቱን ከውስጥ መቆለፍ ስለሚሆን ክፍት ከሆነ ዕቃ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

አራተኛ፦ ይለዩ። በመጀመሪያ በማዕድን ዓይነት ለይተው መዳቡን ለብቻ፣ ብሩን ለብቻ፣ አሉሚኒየሙን ለብቻ ያድርጉ። ልዩ ልዩ ማዕድናት ተነካክተው እርጥበት ካገኛቸው አንዱ የሌላውን መበላሸት ያፋጥናል። ማግኔት የሚስበው ሳንቲምም ከመዳቡ መለየት አለበት። ቀጥሎ በዘመን ይለዩ። በመጨረሻም አረንጓዴ ዱቄት የሚታይባቸውን ከሁሉም ያርቁ።

አምስተኛ፦ ይጠቅልሉ። የአክሱም፣ የምኒልክና የ1923 ዓ.ም. ሳንቲሞች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ትንሽ ከረጢት ሊቀመጡ ይገባል። በብዛት የሚገኙትን የ1936 ሳንቲሞች ግን በአንድ ከረጢት 50 ያህል እያደረጉ ማስቀመጥ ይቻላል። ከረጢቶቹ በማይናወጡበት ሁኔታ ይደርደሩ፤ በጣሳ ውስጥ የሚንኮሻኮሹ ሳንቲሞች እርስ በርስ ይፋፋቃሉ።

ስድስተኛ፦ በዋና ዕቃ ውስጥ ያድርጉ። ክዳኑ የጠበቀ የምግብ ማስቀመጫ የፕላስቲክ ሣጥን ወይም የጎማ ቀለበት የሌለው የብርጭቆ ማሰሮ ተስማሚ ነው። የተመረጠው ዕቃ አስቀድሞ ታጥቦ ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ ጨው ወይም በርበሬ የነበረበት ዕቃ አይወሰድ።

ሰባተኛ፦ እርጥበት መሳቢያ ይጨምሩ። በአዲስ ጫማ ካርቶንና በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ በትናንሽ ከረጢት የሚገኘው ሲሊካ ጄል እርጥበት ይስባል። ለአንድ ሊትር ስፋት 20 ግራም ያህል ቢሆን ይበቃል። ትናንሾቹ ከረጢቶች ጥቂት ግራም ብቻ ስለሚይዙ ለትልቅ ሣጥን ብዙ ያስፈልጋሉ። ረዥም ጊዜ በአየር ላይ የቆየ ሲሊካ ጄል ጠግቦ ስለሚሆን አይጠቅምም፤ በአዲስ ይተኩት። ጨው ግን በምንም ሁኔታ እርጥበት እንዲስብ ተብሎ ከሳንቲም አጠገብ አይቀመጥ።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ቢሆን መዳብ በደኅና ይቆያል። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ከሣጥኑ ውስጥ አድርጎ ሊከታተል ይችላል።

5. ስለ ማስቀመጫ ዕቃዎች ዓይነት

ከሳንቲም ጋር የሚነካካው ዕቃ ምንነት ወሳኝ ነው። አንዳንድ ዕቃ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም ቀስ በቀስ አሲድ ወይም ድኝ ያመነጫል።

የፕላስቲክ ዕቃ ሲመርጡ ከታች በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ። 1፣ 2፣ 4 እና 5 የሚሉት ለሳንቲም ተስማሚ ናቸው። 3 የሚለው ፒቪሲ የተባለውን ፕላስቲክ ያመለክታል፤ ይህ ለሳንቲም ጎጂ ነው። ለስላሳና የሚተጣጠፍ፣ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ሽታ ያለው የአልበም ገጽ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚሠራ ሲሆን በሳንቲሙ ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ፈሳሽ ይፈጥራል።

ከሚከተሉት መቆጠብ ያስፈልጋል፦

• የቆዳ ኮረጆ። ለዘመናት የኖረ ማስቀመጫ ቢሆንም ቆዳ ሲለፋ የገባበት ንጥረ ነገርና የሚይዘው እርጥበት መዳብን ይጎዳል። ኮረጆው ራሱ የቤተሰብ ቅርስ ከሆነ ባዶውን ለብቻው ያስቀምጡት።
• ጋዜጣና ተራ ካርቶን። በውስጣቸው አሲድ አለ።
• የሱፍ ጨርቅና የጎማ ላስቲክ። ሁለቱም ድኝ ስላላቸው መዳብን ያጠቁራሉ። ሳንቲም በጎማ ላስቲክ አይታሰር።
• አዲስ የተሠራ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሣጥን። ከእንጨቱና ከቀለሙ የሚወጣው ትነት መዳብን ይበላል። የግድ በእንጨት ሣጥን መጠቀም ቢያስፈልግ ሳንቲሞቹ በቅድሚያ በተዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይሁኑ።
• ማጣበቂያ ፕላስተር። በሳንቲም ላይ በቀጥታ አይለጠፍ።

6. የሚቀመጥበት ቦታ

ከቤቱ ውስጥ ሙቀቱና እርጥበቱ እምብዛም የማይለዋወጥበት ቦታ ይመረጣል። በዚህ ረገድ የሚከተሉት ነጥቦች ይታዩ።

• በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚገኝ ቆጥ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በብርድ ሌሊትም ከቆርቆሮው ጠል ይንጠባጠባል። ለሳንቲም ተስማሚ አይደለም።
• የመሬት ወለልና ከውጭው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ቦታ በክረምት እርጥበት ይስባል። ሣጥኑን ከወለሉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ ያድርጉ።
• ከማድቤት፣ ከመታጠቢያ ክፍል፣ ከምድጃና ጭስ ከሚበዛበት ቦታ ያርቁ።
• በጓሮም ሆነ በቤት ውስጥ መሬት ቆፍሮ መቅበር ከሌባ ያድን ይሆናል እንጂ ከአፈር እርጥበትና ጨው አያድንም።

እንደ ባሕር ዳር፣ ጅማና ጋምቤላ ባሉ እርጥበት በሚበዛባቸው አካባቢዎች ሲሊካ ጄሉን ቶሎ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል።

7. ክብደትና የቤተሰብ ደኅንነት

የሳንቲም ክምችት ከሚገመተው በላይ ከባድ ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ በመዳብ ሳንቲም ቢሞላ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በዚህ ስሌት 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ይህን ያህል ክብደት ለመደርደሪያም ሆነ ለሚያነሣው ሰው ወገብ አደገኛ ነው። ስለዚህ፦

• አንዱ ሣጥን ከ5 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ አድርገው ያከፋፍሉ።
• ከባድ ሣጥን ከራስ በላይ ከፍታ ባለው መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡ።
• ትናንሽ ሣጥኖችን በአንድ መደርደሪያ ላይ ከመከመር ይልቅ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይደርድሩ።

ሳንቲሞቹ ሕፃናት በማይደርሱበትና በሚቆለፍ ቦታ ሊቀመጡ ይገባል። ሳንቲም የዋጠ ሕፃን ደኅና ቢመስልም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የመዳብ ዝገት ወደ አፍ ቢገባ ይመርዛል፤ በመሆኑም ሳንቲሞቹን በሚለዩበት ጊዜ አይብሉ፣ አይጠጡ፤ ሲጨርሱም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። አረንጓዴ ዱቄት የሚረግፍባቸውን በሚነኩበት ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። የሲሊካ ጄል ከረጢቶችም ከሕፃናት ይራቁ።

8. መዝገብ መያዝ

ብዙ ክምችቶች የሚጠፉት በዝገት ሳይሆን ባለመታወቅ ነው። የሰበሰበው ሰው ሲያርፍ ወራሾች ምንነቱን ስለማያውቁ ጣሳውን እንዳለ ለቆራሌ በኪሎ ይሸጡታል። በኪሎ የተሸጠ መዳብ ደግሞ ይቀልጣል። በአንድ ጣሳ የ1936 ሳንቲሞች መካከል አንድ የምኒልክ ወይም የአክሱም ሳንቲም ቢኖር አብሮ ይቀልጣል። ይህን ለመከላከል አንድ ደብተር በቂ ነው።

በደብተሩ ላይ የሚከተሉት ይሰፍራሉ፦

• የሣጥኑና የከረጢቱ መለያ ቁጥር፤
• የሳንቲሞቹ ብዛትና ክብደት፤
• በሳንቲሙ ላይ የሚነበበው ዓመት፣ በግእዝ ቁጥር እንደተጻፈውና በተለመደው ቁጥር፤
• የሳንቲሙ ስፋት በሚሊ ሜትር፤
• ከማን፣ ከየት እና መቼ እንደተገኘ፤
• አሁን ያለበት ሁኔታ፤ ታጥቦ ከነበረም ይኸው ይገለጽ።

ልዩ የሆኑትን ሳንቲሞች በሁለቱም ገጽ ከማስመሪያ ጋር በፀሐይ ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሡ። ደብተሩ ከሳንቲሞቹ ጋር በአንድ ቦታ አይቀመጥ፤ ስርቆት ወይም ቃጠሎ ቢደርስ ማስረጃው አብሮ እንዳይጠፋ ነው። ቢያንስ አንድ እምነት የሚጣልበት የቤተሰብ አባል ክምችቱ የት እንዳለና ደብተሩ የት እንደሚገኝ ይወቅ። ከዚያ ውጭ ላለ ሰው ግን የክምችቱን ብዛትና ቦታ ማውራት፣ ፎቶግራፉንም በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ ለስርቆት ስለሚያጋልጥ አይመከርም።

9. የዜጎች የሕግ ግዴታ

የአገራችንን ቅርሶች አያያዝ የሚመለከተው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በማንኛውም ሰው ይዞታ ሥር ሊሆን ይችላል። ባለይዞታው ግን ቅርሱን የመንከባከብና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በተለይ ሦስት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ከመሬት ውስጥ የተገኘ ሳንቲም ከቤተሰብ ከተወረሰው የተለየ ነው። በአክሱምና በአካባቢው ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ ወይም እርሻ ሲታረስ የጥንት ሳንቲሞች ብቅ ይላሉ። ለመሠረት፣ ለመንገድ ወይም ለውሃ ጉድጓድ ሲቆፈርም ሊገኙ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ግኝት ያጋጠመው ሰው ቁፋሮውን አቁሞ፣ የተገኘውን እንዳለ ጠብቆ፣ በአቅራቢያው ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ሳንቲሙ የተገኘበት ቦታና ጥልቀት ለታሪክ ጥናት ከሳንቲሙ ያላነሰ ጠቀሜታ አለው፤ ቦታው ያልታወቀ ሳንቲም ግማሹ ታሪኩ የጠፋበት ነው።

ሁለተኛ፣ ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ሊወጣ አይችልም። በውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ በስጦታ ወይም በማስታወሻነት የሚላክ ጥቂት ሳንቲምም ቢሆን ጉዳዩ አስቀድሞ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ቀርቦ መጣራት አለበት። በአውሮፕላን ማረፊያ ከሚደርስ እንግልት ይልቅ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ ሳይኖር ሳንቲም ለመፈለግ መቆፈር የተከለከለ ነው።

10. ተዘውትረው ለሚነሱ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ሳንቲሞቹን አስቀድመን በሎሚ አጥበናቸዋል። ምን እናድርግ?
መልስ፦ እንደገና አይፈትጓቸው። የቀረውን አሲድ ለማስወገድ በብዛት የሚገኙትን የ1936 ሳንቲሞች ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ፤ ከመግዛትዎ በፊት አሲድ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያም በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ሳያሹ ውሃውን አስመጥጠው ለጥቂት ቀናት ያድርቁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ አይሆንም። የአክሱምና የምኒልክ ሳንቲሞች ከሆኑ ግን ምንም ሳያደርጉ ባለሙያ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳንቲሞች በዝገት ተጣብቀዋል። እናላቅቃቸው?
መልስ፦ በቢላዋ ወይም በመዶሻ ለማላቀቅ መሞከር ሁለቱንም ያጠፋል። እንደተጣበቁ በአንድ ከረጢት አድርገው ለባለሙያ ያቆዩ።

ጥያቄ፦ ለጌጥ ተብሎ የተበሳ ሳንቲም ቀዳዳውን ማስደፈን ይገባል?
መልስ፦ አይገባም። ቀዳዳው ሳንቲሙ በሰዎች ሕይወት ውስጥ ያገለገለበትን መንገድ ያሳያል፤ እንዳለ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ክምችቱን በየስንት ጊዜ እንመልከት?
መልስ፦ በዓመት ሁለት ጊዜ በቂ ነው። በግንቦት፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ሲሊካ ጄሉን ይቀይሩ። በጥቅምት፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ አዲስ አረንጓዴ ዱቄት መኖር አለመኖሩን ይመርምሩ። ያዩትንም በደብተሩ ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፉ።

11. ማጠቃለያ

የቆየ የመዳብ ሳንቲም በአንድ ወቅት በገበያ፣ በግብርና በደመወዝ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ወርቅና ብሩ በጥንቃቄ ሲቀመጥ መዳቡ ዋጋው አነስተኛ ስለነበር በየጣሳው ተጥሎ ኖሯል። የተራውን ሰው የዕለት ኑሮ የሚመሰክረው ግን ከሁሉም በላይ ይኸው መዳብ ነው። እርሱን ለመጠበቅ ደረቅ ሣጥን፣ ንጹሕ ከረጢት፣ ጥቂት ሲሊካ ጄልና አንድ ደብተር ይበቃሉ።

በይዞታዎ የሚገኙት ሳንቲሞች ጥንታዊ መሆናቸውን ከተጠራጠሩ፣ የነሐስ በሽታ ምልክት ካዩ ወይም ከመሬት የተገኙ ከሆኑ ከመፈተግ፣ ከመሸጥና ከማዘዋወር በፊት ደብተርዎንና ፎቶግራፎችዎን ይዘው በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቅረቡ። በመጀመሪያው ቀን ሳንቲሞቹን ራሳቸውን ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ ፎቶግራፍና የተሟላ መዝገብ ለመነሻ በቂ ናቸው።